የእናቷ መቀነት

«የመቀነቷን ቋጠሮ ከፊት አድርጊው አልኩሽ! ገዢው ፈረንጅ ጀርባዋን አያይም!»

ሺኖ ብሩሿን እንደያዘች ወደ ጌታዋ ወደ ኩማጋይ ቀና አለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በዮኮሐማ ወደብ፣ በኩማጋይ ፎቶ ቤት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀለም ስትቀባ ሁለት ዓመቷ። ዛሬ ፊቷ የተቀመጠው ግን ባለፈው የበረዶ ወር በሳል የሞተችው የእናቷ ፎቶ ነው።

«ጌታዬ፣ ይቺ እኮ እናቴ ናት።»

«አውቃለሁ። ያነሳኋት እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ መቀነቷን ከፊት የምትቋጥር ሴት ምን እንደሆነች አያውቁም?»

እንዴት አያውቅ! በዚያ ከተማ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። ባለትዳር ሴት ከኋላ ትቋጥራለች፤ ከፊት የምትቋጥረው ገላዋን የምትሸጥ ናት።

«ፈረንጁ ምን ገዶት! ትልቅ ቀይ ቋጠሮ ደስ ይለዋል፣ በቃ። ናሙናውን ከወደደው ሁለት መቶ ቅጂ ያዝዘናል፣ አገሩ ወስዶ ይቸረችረዋል። እዚያ ማን ያውቃታል?»

«እኔ አውቃታለሁ!»

«ኧረ! አፍ አወጣሽ ደግሞ?» ብሩሹን ነጠቃትና በእናቷ ሆድ ላይ ደማቅ ቀይ ቋጠሮ ቀባ። «እንዲህ ነው! እንግዳዬን ምሳ ጋብዤ እስክመለስ የቀረውን ጨርሺ።»

የሺኖ ደም ፈላ። ለዚያች አንዲት ፎቶ ብላ ከጎረቤት መቀነት ተውሳ፣ ጠዋቱን ሙሉ ስታስርና ስትፈታ ያረፈደች ሴት! ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ስትሰፋ ጣቷ ያለቀ ሴት!

ከጎኗ የምትቀባው እትዬ ራኩ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቀቢውና ዝም በይ ልጄ። ከዚህ ከተባረርሽ ማን ይቀጥርሻል?»

«የእርስዎ እናት ብትሆንስ፣ እትዬ?»

ራኩ ወደ ሥራዋ አቀረቀረች።

ወረቀቱን ብቻ መቅደድ ዋጋ የለውም። ምስሉ በላዩ በስሱ ያረፈበት፣ ፎቶው የሚታተምበት መስታወት መደርደሪያው ላይ አለ፤ ኩማጋይ ሌላ ያትማል። ይዛው እንዳትሄድ በር ላይ ዘበኛው ይፈትሻል፤ ለራሷ እንዳታትም ማተሚያ ወረቀቱ ተቆልፎበታል። የእናቷ ምስል ደግሞ ከዚህ ሌላ የትም የለም። «እጅሽ ሲበስል ላንቺም አንድ አትምልሻለሁ» ብሏት ነበር ሰውዬው፤ ያንን ቀን ስትጠብቅ ነው የከረመችው።

መስታወቱን አውርዳ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። መስታወት ላይ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ሳትሸብት የሞተችው እናቷ እዚያ ሸብታለች። ሺኖ እስኪበቃት አየቻት።

«እትዬ፣ ጌታው ሲመጡ ሺኖ ናት ያደረገችው ይበሏቸው።»

«ምኑን? ኧረ ልጄ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

ሺኖ የተቀባውን ወረቀት ቀደደችና እርጥብ ጨርቅ አነሳች። ምስሉን ከመስታወቱ መጥረግ የጀመረችው ከእናቷ ፊት ነው።