ታላቅየው መቃዠት ያቆመ ጊዜ

«ሲጋራው ይሆን የገደለው?»

እናት ይህንን ሐኪሙንም ጎረቤቱንም ጠይቀው መልስ አላገኙም። አሁን ደግሞ የፖሊስ መርማሪዋን ገና ከበሩ ሳታልፍ ጠየቋት። ማንስ ይመልሰዋል?

ታላቁ ልጃቸው፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው ሞቶ የተገኘው። ኤች አይ ቪ በደሙ ከተገኘ ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሙ ቫይረሱ በርትቶ አንጎሉን እንደጎዳው ሲያይ «መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው እንዲህ አይሞትም» ብሎ ለፖሊስ አስታወቀ።

መርማሪዋ በሲጋራ የጠቆረውን የመስኮት ጠርዝ በጣቷ ነካ አደረገች።

«ማን ነበር የሚገዛለት?»

«እኔ ነኛ» አሉ እናት። «ቃል ይጠፋበት ነበር። ሚስቱን እንኳ ‹ይቺ ሴትዮ› ይላት ጀመር። አንድ ሲያጨስ ግን ትንሽ ነቃ ይላል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ልጄ።»

«መድኃኒቱን በየማታው በእጄ ነው የማስውጠው» አለች ሚስቱ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈች። «ከጠረጠሩኝም ይጠርጥሩኝ፤ ደክሞኛል።»

«አያስቸግረውም ነበር?»

«መጀመሪያ ያቃዠው ነበር። አንዴ ቧንቧው ፍየል ሆኖ አሳደደኝ ብሎ…» ከንፈሯ ሊስቅ ብሎ ቆመ። «ኋላ ተወው። ተሻለው ብለን ደስ አለን።»

«ቅዠትም ይጋባል መሰለኝ» አሉ እናት። «አሁን ታናሽ ወንድሙን ያዘው። ሰርጉ ደርሶ፣ ሌሊት እየጮኸ እየተነሳ ሊያልቅብኝ ነው።»

ታናሽየው፣ ልብስ ሰፊው፣ ጥግ ተቀምጦ ክር በጣቱ ላይ ይጠመጥማል።

«መድኃኒቱን ከክሊኒክ የሚያመጣው ማነው?»

«እኔ» አለ።

«ብልቃጡ ታሽጎ ነው የሚመጣው?»

«ተከፍቶ ነው» አለች ሚስትየው። «‹የወንድሜ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ከፍቼ አመጣሁለት› ይላል።»

«የሚያስውጡት እርስዎ ከሆኑ፣ የእሱ እጅ ምን አገባው?»

መርማሪዋ ብልቃጡን ይዛ ሄደች። በማግስቱ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ይህ ቫይታሚን ነው» አለች ብልቃጡን እያስቀመጠች። «ሲጋራ አንጎልን ይጎዳል፤ ቫይረሱ ሲታከልበት ይብሳል። ስለዚህ መርሳቱን ሁሉ በሲጋራው አሳበባችሁ፣ ሌላውን ያየ የለም። ግን ያንን መድኃኒት የሚወስድ ብዙ ሰው ይቃዣል፤ ሐኪሙን ጠይቄያለሁ። ታላቅየው መቃዠት ሲያቆም መድኃኒቱም ቀርቶበታል። ታናሽየው ሲጀምርስ?» ወደ እሱ ዞረች። «የወንድምህን መድኃኒት የምትውጠው አንተ ነህ፤ አንተም ያስፈልግህ ነበር።»

ክሩ ጣቱን አጥብቆ ይዞታል።

«የእጮኛዬ አክስት ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። ስሜን ካየች አለቀልኝ።»

«ወንድምህስ?»

«ቫይረሱ በደምህ አይታይም ብለውት ነበር። ድኗል ብዬ ነው።»

«አይታይም ማለት መድኃኒቱ አፍኖ ይዞታል ማለት ነው፤ ወጥቷል ማለት አይደለም።»

«ሲደክምስ አላየህም?» አለች ሚስትየው፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

«ሲጋራው ነው ስትሉ እኔም ሲጋራው ነው አልኩ።»

እናት አላለቀሱም። «የእኔስ ሲጋራ?» አሉ።

«ድርሻ ይኖረዋል፣ እማማ። ምን ያህል እንደሆነ ግን ማንም አይነግርዎትም።»

መርማሪዋ ታናሽየውን ክንዱን ይዛ አስነሳችው። እናት እጅጌውን ጨበጡት።

«አንተዬ፣ የዛሬውን ውጠሃል? እዚያ እስር ቤት ማን ይሰጥሃል?»

ሚስትየው አማቷን አየቻቸው። ከዚያ ሹራቧን ከሚስማሩ አውርዳ ለበሰች፣ በሩን ከፈተች፣ ወደ ኋላ ሳትዞር ወጣች።