የስምንት ዙር ውሸት

ልብስ ሰፊዋ የሰውን ሁሉ ወገብ ስትለካ ትውላለች እንጂ ወደ ራሷ ሜትር አስጠግታ አታውቅም። ምን በወጣት! ከጠዋት እስከ ማታ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ዓመታት አለፉ፤ ቀሚሷ ሲጠብባት ከጎን ተርትራ ታሰፋዋለች፣ አለቀ። ሐኪሙ ደሟን ያስመረመረ ቀን ግን ነገር መጣ።

«ስኳርሽ አፋፍ ላይ ነው» አላት። «አባትሽን የወሰደው እሱ አይደል? ውፍረቱን ቀንሺ፣ በየቀኑ ተራመጂ፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሺ።»

የት ትራመድ? መንገዱ መኪናና አቧራ ነው። ያለው ከሱቋ ጀርባ ያለው መናፈሻ ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን እንደ ሌባ ተሸማቅቃ ገባች። አንዱን ዙር ሳትጨርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለና አግዳሚው ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

የመናፈሻው አትክልተኛ የውኃ ቱቦውን ጥሎ መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀጉሩ ውስጥ ቅጠል የማይጠፋ ወጣት ነው። አልሳቀባትም፣ አላዘነላትምም።

«እዚህ ጥላው ጥሩ ነው» ብሎ ከጫፍ ተቀመጠ።

«ሰው ስንት ዙር ነው የሚዞረው?»

«እኔ እንጃ። እኔ ቱቦ እየጎተትኩ ስለምዞር ቁጥሩ ይጠፋብኛል።»

ሳቀች። ከዚያ ወዲያ አንድም ጠዋት አልቀረችም። ሁለት ዙር ትዞርና ወንበሩ ላይ ወሬው ይደራል፤ እሱ ስለ ዛፎቹ አመል፣ እሷ ስለ ደንበኞቿ። አንዳንዴ ዓይን ለዓይን ይጋጩና ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ዛፎቹ ያዞራሉ። ወደደችው፣ ምን ይደበቃል!

ሁለት ወር እንዳለፈ፣ ምሳ ላይ እናቷ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት።

«ጎሽ የኔ ልጅ! ትናንት ስምንት ዙር ዞርሽ አሉ።»

ማንኪያው እጇ ላይ ቀረ። «ማነው ያለው?»

እናት አፏን ያዘች፣ ግን አምልጧታል። ለካ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ወደ ገበያ ስታልፍ አትክልተኛውን በአጥሩ በኩል እየጠራች «ልጄን እይልኝ፣ አደራህን» ትለው ኖሯል።

የልብስ ሰፊዋ ልብ ስብር አለ። ያ ሁሉ ጨዋታ ለካ አደራ መጠበቅ ነበር? ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ ሊነጋጋ ሲል ብድግ አለች። ስምንት? ያን ቀን የዞረችው አንድ ዙር ተኩል ነው!

ጠዋት በቀጥታ ሄዳ ቱቦው ላይ ቆመችበት። ውኃው ቀጥ አለ።

«ለእናቴ ምን እያልክ ነው የምትነግራት?»

አንገቱን ደፋ። «ውሸት። ተቀምጣ ታወራለች ብላቸው ሌላ ቦታ ይወስዱሻል፣ ሁለተኛ አላይሽም ብዬ ፈራሁ። አጠገብሽ የተቀመጥኩት ግን እሳቸው ሳይጠይቁኝ ነው።»

ደስ አላት፤ ተናደደችም። «ለሐኪሙም ስምንት ዙር ብለህ ልትመሰክርልኝ ነው? አንድ ወር ነው የቀረኝ፣ ሰውዬ! አባቴን በዚህ ነው የቀበርኩት!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አትክልተኛው ሄዶ ውኃውን ዘጋ፣ ቦት ጫማውን አውልቆ ሸራ ጫማውን አደረገ።

«ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ፤ በይ ነይ፣ እየተራመድን እናውራ።»

«ሥራህስ?»

«ከነገ ጀምሮ አንድ ሰዓት ቀድሜ እገባለሁ።»

ወሩን ሙሉ ጎን ለጎን ዞሩ። መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ወሬው ሳያልቅ ስድስት። ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለቴ አየና «ትንሽ ወርዷል፤ እንዳታቋርጪ» አላት። ከክሊኒኩ በቀጥታ ወደ መናፈሻው በረረች። ሁለቱ ገና እየተሳሳቁ ሳለ እናቷ ዘንቢሏን ይዛ አጥሩ ጋ ብቅ አለች።

«ዛሬስ ስንት ዞረች?»

«ጠዋት ስድስት፣ እማማ። ይሄ እውነት ነው። ያ ሁለት ወር ሙሉ የነገርኩዎት ግን ውሸት ነው። ልጅዎን ወድጃት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እናት አትክልተኛውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፣ ልጇንም አየቻት።

«መውደድህን መች አጣሁት፤ ያላወቅሁት ዙሩን ነው» አለችና ዘንቢሏን አነሳች። «ምሳ ደርሷል። ሁለታችሁም በእግራችሁ ኑ።»