የሐሙስ እንግዳ

ያዲራ አባቷ የሚያዩትን የሌለ ነገር መመዝገብ ከጀመረች አራት ሳምንት ሞላት። አባቷ ዶን አቡንድዮ በኮሎምቢያው ማግዳሌና ወንዝ ላይ አርባ ዓመት ጀልባ ነድተዋል። የፓርኪንሰን ሕመም እጃቸውን ማንቀጥቀጥ ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በቅርቡ የተጨመረላቸው ክኒን መንቀጥቀጡን ቢያበርድላቸውም ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ፤ የሌለ ሰው ያዩ ጀመር።

«ክኒኑን ድንገት እንዳታቋርጪው» አለቻት ሐኪማቸው። «ያዩትንና ሰዓቱን ጻፊልኝ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እንቀንሳለን።»

ያዲራ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ መዝገብ አያስቸግራትም። «ሰኞ ምሽት፦ ጣሪያው ላይ ሦስት ሕፃናት። ማክሰኞ ምሽት፦ አልጋው ሥር ቢጫ ውሻ። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት፦ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ወጣት፤ ልጅዎን ይስጡኝ አለ፤ እሺ አልኩት፣ ይላል አባዬ።»

የመጨረሻውን ስትጽፍ ሳቀች። ወዲያው ግን ቅር አላት፤ ያንን ጥያቄ ከኤሊሴዮ አፍ ብትሰማ ትወድ ነበር።

ኤሊሴዮ ብር አንጥረኛ ነው፤ ብር ሲወለውል ጣቶቹ ጠቁረዋል። የተሰበረ የጆሮ ጌጧን ልታሠራ ሱቁ የገባች ቀን፣ ቀና ብሎ ሲያያት መቆንጠጫው ከእጁ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ጌጧ ሦስት ጊዜ ተሰበረ፤ ሁለቱን ጊዜ ራሷ ነች የሰበረችው። ሰሞኑን ግን መንገድ ላይ ሲያገኛት መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይኗን ያያል፤ ምንም ሳይል ያልፋል። ቅዳሜ ደግሞ ለሥራ ጠቅልሎ ወደ ካርታሄና ከተማ ሊሄድ ነው።

ክኒኑ ሲቀንስ ሕፃናቱ ጠፉ። ቀጥሎ ውሻው ጠፋ። ሐሙስ ለምሳ ቤት የመጣችው ያዲራ መዝገቡን ስታገላብጥ እጇ ቆመ። ሌሎቹ ሁሉ የሚመጡት ከማታው ክኒን በኋላ ነበር። ወጣቱ ብቻ ሐሙስ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣል፤ እሷ ትምህርት ቤት በምትሆንበት ሰዓት። ደግሞም አልጠፋም።

«አባዬ፣ ያ ወጣት ምን ይመስላል?»

«ጣቶቹ ጥቁር ናቸው። ሲቀመጥ ወንበሩ ሲጥ ይላል። ሕፃናቱ መቼ ወንበር ሲጥ አደረጉ?»

«ታዲያ ስሙን ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ‹እሺ አባዬ› እያልሽ ትጽፊያለሽ እንጂ!»

በከተማቸው በሞምፖስ፣ ደንብ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ አባትን ይጠይቃል። አባት እሺ ካለ መልሱን ከልጅቱ ይጠብቃል፤ እሷን መወትወት ነውር ነው። ያዲራ ይህን ስታስብ ጉንጯ ጋለ። የከሰዓቱን ክፍል ለባልደረባዋ ሰጥታ ቤት ቀረች።

ልክ በዘጠኝ ሰዓት ኤሊሴዮ በር ላይ ደረሰ። ሲያያት መግባትም መመለስም አቃተው።

«ትምህርት ቤት አይደለሽም እንዴ?»

«አባዬን የሚጎበኘውን ሰው ልይ ብዬ ነው። አራት ሳምንት ሙሉ የክኒን ጣጣ መስለኸኝ ነበር።»

«እኔ?» ሳቁ አመለጠው። «እኔ ደግሞ ጠልታኝ ነው ዝም ያለችው ብዬ ሻንጣዬን ሸክፌያለሁ!»

ተያዩ።

«እኔ አራት ጊዜ እሺ ብያለሁ» አሉ ዶን አቡንድዮ የወንበራቸውን መደገፊያ እየመቱ። «አንቺስ?»

«እኔ አንዴ ይበቃኛል» አለች ያዲራ። «እሺ።»

«ጮክ በይ! ጎረቤት ይስማልኝ፤ ነገ ደግሞ ‹ይህንንም አልመህ ነው› እንዳትሉኝ።»

ያዲራ በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተችና ጮክ ብላ ደገመችው።