ጀርባውን የሰጠ ተክል

ይህ እኛ ቤት የሆነ ነው። አልጨመርኩበትም... የቀነስኩት ግን አለ።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሳሎኑ በፀሐይ ተሞልቷል።

አባቴ ሐሙስ ከሆስፒታል ይወጣል። ስትሮክ መትቶት ከዓይኖቹ በቀር የሚያንቀሳቅሰው የለም። አልጋው የሚገባው ደግሞ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው... ተክሉ ቆሞበት የነበረው ጥግ።

ሃያ ዓመት ያሳደገው ራሱ አባቴ ነው። ከነበርሜሉ የአራት ሰው ሸክም ሆኗል። አናቱ ኮርኒሱን ነክቶ ጎብጧል።

እሁድ አክስቴ ወሰደችልኝ። ተገላገልኩ አልኩ።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

"አንቺ ልጅ፣ ነይና ውሰጂልኝ።"

"ምነው አክስቴ?"

"ጀርባውን ሰጠኝ።"

"ተክል ጀርባ አለው እንዴ?"

"መስኮቱ እዚህ... ቅጠሎቹ በሙሉ ወደ ግድግዳው። ሦስቴ አዞርኩት። ልብስ አጥቤ ስመለስ... እዚያው።"

እሁድ የለመንኳቸውን አራት ሸካሞች እንደገና ለመንኩ።

"እህቴ፣ ይሄ ተክል ነው ሽማግሌ? ከቤት ቤት ይዞራል!" አለኝ አንዱ።

አልሳቅሁም።

ከቤታችን መንገድ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ተቀበለኝ። ረቡዕ ጠዋት በሩ ላይ ጠበቀኝ።

"ድምፅሽን ቀንሺ..." አለ በሹክሹክታ።

"ማን ይሰማናል?"

"ግቢና እዪው።"

ቅጠሎቹ ለመስኮቱ ጀርባቸውን ሰጥተው በኋላው ግድግዳ ላይ አፍጥጠዋል።

"ከዚህ ግድግዳ ኋላ ምን አለ?"

"ሜዳ። ከሜዳው ማዶ... ሆስፒታሉ።"

የአክስቴ ግድግዳ ትዝ አለኝ። እሱም በሆስፒታሉ በኩል ነው።

ግን ደክሞኝ ነበር። መፍራት እንኳ ሰለቸኝ።

"እባክህ፣ አንድ ሳምንት ብቻ።"

"አንድ ሳምንት። ከዚያ በኋላ በመጋዝ ነው።"

ሐሙስ አባቴ ገባ። አልጋው ጥጉ ላይ ልክክ አለ። ብርሃን እንዲያይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርገን አስተኛነው።

ወደ ልብስ ሰፊው ደወልኩ።

"አሁንስ?"

"ዞሯል።"

"ወዴት?"

"ወደ እናንተ ቤት።"

ስልኩን ዘግቼ ሾርባ ላሞቅ ወጣሁ። ስመለስ የአባቴ ፊት ወደ ግድግዳው ዞሯል። በመንገዱ በኩል ወዳለው ግድግዳ... ወደ ልብስ ሰፊው ቤት።

"አንቺ ነሽ ያዞርሽው?" አልኳት ልትረዳው ከሆስፒታል የተላከችውን ነርስ።

"አሁን መግባቴ ነው..." አለች። "እሱ እኮ አንገቱን ማዞር አይችልም።"

በሁለት እጄ ቀስ አድርጌ መለስኩት።

ማታ... ግድግዳው።

ጠዋት... ግድግዳው።

ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ስንቴ እንዳዞርኩት እንጃ። አንዴማ ብስጭቴ አሸንፎኝ ጮህኩበት... አባቴ ላይ።

ያኔ ነው ጎንበስ ብዬ ያየሁት።

ፊቱ ግድግዳው ላይ ነው። ዓይኖቹ ግን ነጫቸው ብቻ እስኪቀር ወደ ኋላ ተጎትተው... እኔን ይፈልጋሉ።