ጨሌ የያዘው ተዋጊ

ኢንስፔክተር አክበረት ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ወዳለው ግቢ ስትደርስ የሙዓዊያ ሬሳ ጋቢ ተጥሎበት ከደረጃው ሥር በጀርባው ተጋድሟል። ከላይ የአሮጌው ቤት በረንዳ መደገፊያው ተገንጥሎ፣ አረንጓዴ የተቀባው እንጨት ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። ወንድሟ ለመግሪብ ሶላት ሳይወርድ ሲቀር ልትጠራው ወጥታ ያገኘችው እኅቱ ተስኒም ናት።

«እንጨቱ በስብሷል፣ ይጠገን ስንል ነበር» ትላለች እያለቀሰች።

ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ «አደጋ ነው፣ ግልጽ ነው» አለ።

አክበረት ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ከኋላ የተመታውን ጭንቅላቱን አየች። ቀና ብላ በረንዳውን ተመለከተች።

«ግቢውን ለማየት የተደገፈ ሰው ቢሆን በፊቱ በወደቀ ነበር። ይሄ ጀርባውን ለግቢው ሰጥቶ ነው የቆመው። ፊቱን የሰጠው ለማን ነው?»

ወደ ተስኒም ዞረች።

«ከማን ጋር ዋለ፣ እኅቴ?»

«ከእሁድ ጓደኞቹ ጋር። የጠረጴዛ ጨዋታ ሠርቶ ሊያሳትም ነበር፣ እሁድ እሁድ እየተሰበሰቡ ይሞክሩታል። ግን ሦስቱም አብረው ሲወጡ አይቻቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ እኔ ጓዳ ነበርኩ።»

ፎቁ ላይ ትልቅ ጠረጴዛ አለ። በላዩ በእጅ የተሣለ ካርታ፣ ቁጥር ያለባቸው የሚወረወሩ ዳይሶችና ከናስ የተሠሩ ጣት የሚያህሉ ምስሎች ተቀምጠዋል። መሃል ላይ ጋሻ የያዘ ተዋጊ ቆሟል፤ ከፊቱ ሦስት ሰማያዊ ጨሌዎች ተደርድረዋል። ካባ የለበሰች አስማተኛ አጠገቡ ተጋድማለች። አክበረት ከዳማና ከካርታ በቀር ጨዋታ አታውቅም። ግን ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ተስበው፣ የቀሩት ሁለቱ ወደ ጠረጴዛው ተገፍተው መቀመጣቸውን ልብ አለች። ሁሉንም በስልኳ ፎቶ አነሳች።

«ማንም ምንም እንዳይነካ።»

በማግስቱ መጀመሪያ የሄደችው ውቤ በረሃ፣ ጋሽ ተክለሃይማኖት ቤት ነው። የሥዕል መምህር ናቸው፤ የጨዋታውን ካርታ የሣሉት እሳቸው ናቸው።

«ጨዋታውን እንደማያውቅ ሰው ያስረዱኝ፣ ጋሼ።»

«እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ እንይዛለን። ሰልዋ አስማተኛ፣ ቃለአብ ተዋጊ፣ እኔ መንገድ መሪ። ሙዓዊያ ታሪኩን ይተርካል፣ ይዳኛል። አስማተኛዋ ጨሌ እየከፈለች ድግምት ትደግማለች። ተዋጊው ያለው ሰይፉና ዳይሱ ብቻ ነው። ሲጀመር ጀግናው እሱ ነው። ጨዋታው ሲረዝም ግን አስማተኛዋ ትበራለች፣ እሳት ታዘንባለች፣ ተራራ ትንዳለች። እሱ ያው ሰይፉን ሲያወዛውዝ ነው። መጨረሻ ላይ ጓዝ ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል።»

«ይሄ አላጣላችሁም?»

«ስምንት ዓመት አጨቃጨቀን! ትናንትም ሰልዋና ሙዓዊያ በረንዳው ላይ ተጯጩኸዋል። የአስማተኛዋን ጉልበት ሊቀንስባት መሰለኝ፣ አጥርቼ አልሰማሁም።»

«ቃለአብስ?»

«ቃለአብ መቼ ይናገራል? ወርቅ ሠሪ ነው፣ ምስሎቹን የሠራልን እሱ ነው። ወንበሩን የሚደረድረውም እሱ ነው። ትናንት ተዋጊውን ሰልዋ በእሳት አቃጠለችበት፣ ምስሉን አጋደምነው፣ ሳቅን፣ አብረን ወጣን።»

አክበረት ፎቶውን አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ሙቱን ማን አስነሳው? ደግሞ ተዋጊ ጨሌ ይዞ አያውቅም!»

ሰልዋ አምስት ኪሎ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ዓይኗ አብጧል።

«ከሙዓዊያ ጋር ምን አጣላችሁ?»

«ስለ ጨዋታው ነው። አሁን ምን ያደርጋል?» አለችና ፊቷን አዞረች።

«ከዚያስ ወዴት ሄድሽ?»

«በታክሲ ወደ ቤቴ።»

ፎቶውን ስታይ ግንባሯ ተኮሳተረ። «ጨሌው የኔ ነው። ተዋጊው ጋ ምን ይሠራል?»

የቃለአብ መሥሪያ ከሙዓዊያ ቤት ብዙም አይርቅም፤ አካባቢው ሲፈርስ ከተረፉት ሱቆች አንዱ ጀርባ ነው። ግራ መዳፉ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምን ነካህ?»

«እሳት ነው፣ ኢንስፔክተር። የሥራ ነገር።»

ስልኩን ሰጠችው። ሦስቱም ከወጡ በኋላ የትም እንዳልሄደ፣ ሱቁን ከፍቶ ሥራ እንደያዘ እየነገራት ነበር፤ ፎቶውን ሲያይ ቃሉ ተቋረጠ።

«ሦስት ጊዜ ተመትቷል» አለ በቀስታ። «ግን ቆሟል።»

አክበረት ስልኳን ተቀብላ አመስግናው ወጣች። በሩ ላይ ለአፍታ ቆመች። ከመንገዱ ማዶ የታክሲ ረዳት «አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ!» ይጣራል። ቃለአብ ጨዋ ልጅ ነው። ከእሱ የሰማችውን ነገር ባትሰማው በወደደች ነበር።

ከቀብሩ በኋላ፣ ግቢው ውስጥ የለቅሶ ድንኳን እንደተተከለ፣ ሦስቱንም ፎቅ ላይ ሰበሰበቻቸው። ተስኒም በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሙዓዊያ የወደቀው ፊቱን ለሰው ሰጥቶ ነው» ብላ ጀመረች አክበረት። «ሁለት ወንበሮች ተስበው ነበር። የሞተው ተዋጊ ተነሥቶ ነበር። እንግዲህ ከወጣችሁ በኋላ አንዳችሁ ተመልሶ አዲስ ጨዋታ ተጫውቷል። ያንን ፎቶ ለሦስታችሁም አሳየሁ። ጋሽ ተክለሃይማኖት ‹ሙቱን ማን አስነሳው?› አሉ። ሰልዋ ‹ጨሌው እዚያ ምን ይሠራል?› አለች። ሁለቱም ግራ ገባቸው፤ እነሱ በሚያውቁት ሕግ ተዋጊ ጨሌ አይዝም። አንተ ግን ቃለአብ፣ አልገረመህም። ‹ሦስት ጊዜ ተመትቷል› አልከኝ። በአንድ ምት አንድ ጨሌ እንደሚያገኝ ማን ነገረህ?»

«ገመትኩ።»

«የገዛ ምስልህ ተጋድሞ ትተኸው ሄደህ፣ ቆሞ ስታየው ማን አቆመው ብለህ እንኳ አልጠየቅህም።»

ቃለአብ በፋሻ የታሰረ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ሸሸገ።

«ፋሻውን ፍታው።»

ቀስ ብሎ ፈታው። የቃጠሎ ቁስል የለም። መዳፉ ተልጧል፤ ከቆዳው ሥር አረንጓዴ ቀለም ያለበት የእንጨት ስንጣሪ ገብቷል።

«እሳት አረንጓዴ ቀለም አይተውም» አለች አክበረት።

«ልይዘው ነበር» አለ ቃለአብ። «እጄ ላይ የቀረው እንጨቱ ብቻ ነው።»

«ንገረን።»

«ጃኬቴን ረስቼ ተመለስኩ። ሙዓዊያ ‹ለተዋጊው ሕግ አገኘሁለት፣ ተቀመጥ› አለኝ። ተዋጊ በተመታ ቁጥር አንድ ጨሌ ይቀበላል፣ በዚያ የአስማተኛዋን ድግምት ይሰብራል። እሱ አስማተኛዋን ይዞ ተጫወትን። ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፍኩ! እንደ ሕፃን ዘለልኩ። በረንዳው ላይ ቆመን እየሳቅን ነበር። ከዚያ ‹ቆንጆ ነው፣ ግን አላስገባውም› አለኝ። ‹ሰው የሚወደው አስማቱን ነው። ሰልዋም ብትሆን ትተወናለች። አንተ ግን ምንም ቢሆን ትመጣለህ› አለኝ።» እጁን አየ። «ገፋሁት። እንዲወድቅ አልነበረም።»

ሰልዋ ከወንበሯ ተነሣች።

«ሰልዋ ትተወናለች አለህ? የተጣላነው እኮ አስማተኛዋን ቀንስልኝ ብዬው ነው! ማሸነፍ ሰለቸኝ፣ ቃለአብ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ማየት አስጠላኝ አልኩት። ‹እኔ አውቃለሁ፣ ተይው› አለኝ።»

ቃለአብ አፉን ከፍቶ አያት። ጋሽ ተክለሃይማኖት ወደ መስኮቱ ዞሩ። ወንበር ሲደረድርላቸው አንድም ቀን ተነሥተው እንዳላገዙት አሁን ነው የታወቃቸው።

ከበሩ አጠገብ ተስኒም ተናገረች።

«ደረጃው አንድ ነው። ስትወርድ በአጠገቡ ነው ያለፍከው። በሕይወት ነበር?»

«አላየሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኩት።»

ወደ አክበረት ዞረች። «ወዲያው ነው የሞተው?»

አክበረት ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ዋሽታ አታውቅም። ዛሬ ግን ልትዋሽ ከጅሏት ነበር።

«የመረመረው ሐኪም ‹ብዙ አልቆየም› ነው ያለው።»

ብዙ አለመቆየትና ወዲያው መሞት አንድ እንዳልሆኑ ክፍሉ ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። ተስኒም ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ፖሊሱ ገብቶ ቃለአብን በክንዱ ይዞ አስነሣው።

«ሌላ መውረጃ የለም?» አለ ቃለአብ።

«የለም» አለች አክበረት።

ከፊት ሆና ወረደች። ከኋላዋ ይከተላት ነበር፣ አንዱን ደረጃ ከሌላው እየለየ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ዞር ብላ አየችው። ከድንኳኑ ለቀስተኛው ሁሉ ያየዋል። እሱ የሚያየው ግን ከደረጃው ሥር ያለችውን አንዲት የታጠበች የሲሚንቶ ቦታ ብቻ ነበር፣ ዓይኑን ሳይነቅል።