የወርቅዬ ተንጠልጣይ ድልድይ

«ያዥልኝ እንጂ! ክሩን ከለቀቅሽው ምሰሶው ይወድቃል» አለች ወርቅዬ።

ፀዳለ የጓደኛዋን የድልድይ ሞዴል ክር አጥብቃ ጨበጠች። የትምህርት ቤታቸው ኤግዚቢሽን ሊከፈት ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ጠዋት የፀዳለ እናት በር ላይ አስቁማ አንድ ነገር ነግራታለች። የወርቅዬ አባት ጋሽ ኩማ ተንጠልጣይ ድልድይ ሊሠሩ ክፍለ ሀገር ከወረዱ አራት ወራቸው ነው። ከትናንት በስቲያ ደራሽ ጎርፍ ወሰዳቸው። ወሬው ለቀበሌው ደርሷል። የወርቅዬ እናት ከሞተች ወዲህ እሷን የሚያሳድጓት አክስቷ እትዬ ቦሰና ግን፣ «ዛሬን እንኳ ደስ ብሏት ትዋል» ብለው የጌጃ ሰፈር ሽማግሌዎችን ለመኑ። መርዶው ለነገ ማለዳ ተቀጠረ።

«ትንፍሽ እንዳትዪ!» ነበር ፀዳለን እናቷ ያለቻት።

ጎብኚዎች ሲገቡ ወርቅዬ ደረቷን ነፍታ ማስረዳት ጀመረች። «መጀመሪያ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ምሰሶ ይቆማል። ከዚያ ወፍራም የብረት ገመድ በምሰሶዎቹ አናት ላይ ያልፍና ሁለቱ ጫፎቹ መሬት ውስጥ በኮንክሪት ይቀበራሉ። ከእሱ ደግሞ ቀጫጭን ገመዶች ይወርዳሉ፤ ወለሉን አንጠልጥለው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ውሃው መሀል የሚቆም እግር የለውም!»

«ማን አስተማረሽ?» አሉ መምህር ተክለጻድቅ።

«አባቴ፣ በደብዳቤ። ወለሉ ብቻ ነው የቀረን ብሎኛል። ለፋሲካ ይመጣል።»

መምህሩ አቀርቅረው ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ አለፉ። እሳቸውም እንደሚያውቁ ፀዳለ ገባት።

ወርቅዬ አንደኛ ወጣች። ጭብጨባው ሳያበቃ ከደብተሯ ወረቀት ገንጥላ መጻፍ ጀመረች፦ «ውድ አባቴ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል?»

«ስጨርስ ፖስታ ቤት ትሸኚኛለሽ፣ እሺ የኔ አራዳ?»

ፀዳለ መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «አትጻፊው፣ ወርቅዬ።»

«ለምን?»

ልትመልስላት አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት። ወርቅዬ ትክ ብላ አየቻት። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«አባቴ ነው?» አለች፣ ድምጿ በቅጡ ሳይሰማ።

እናቷ ትቆጣለች፤ ሽማግሌዎቹም ይቀየማሉ። ፀዳለ ይህን ሁሉ አሰበች። «አይደለም» ማለት ግን አልሆነላትም። የጓደኛዋን ትከሻ አቅፋ ከወንበሯ አስነሳቻት።

«ነይ፣ እትዬ ቦሰና ጋ እንሂድ» አለቻት። «ዛሬ እናንተ ቤት ነው የማድረው።»