ድንቢጧ ስትራብ

ሰውየው የይለፍ ቃሉን አልሳተም።

«የማይሶር ከተማ ባቡር ዛሬም ዘገየ» አለ፣ ኢድሊ የሚባለውን የሩዝ ቂጣ የያዘ ሳህኑን ከእሷ ሳህን አጠገብ እያስቀመጠ።

«ድሮስ መቼ በሰዓቱ ደርሶ ያውቃል» ስትል መለሰች።

በማሌሽዋራም ሰፈር ገበያ ጥግ ባለችው ምግብ ቤት ሰው የሚበላው ቆሞ ነው። ረፋድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይተፋፈጋል። ለርክክብ ይመቻል።

የምስጢር ስሟ «መርፌ» ነው። ስምንት ወር ሙሉ ማላቪካ ተብላ፣ የስልክ ጨዋታ በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ በንድፍ ባለሙያነት ሠርታለች። የላካት የመንግሥት መርማሪ ቢሮ የሚፈልገው አንድ ጥናት ነበር። ጥናቱ አሁን ከጥፍር በምታንስ የሚሞሪ ካርድ ላይ ሆኖ ጫማዋ ውስጥ አለ።

ጨዋታው ድንቢጥ ማሳደግ ነው። ልጁ በየሁለት ሰዓቱ ተመልሶ ካላበላት ላባዋ ይረግፋል። ልጆች ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ተደብቀው እንደሚያበሏት፣ ስልክ ሲነጠቁም እህል አንቀምስም እንደሚሉ ኩባንያው አጥንቶ ደርሶበታል። ደርሶበትም ሁለቱን ሰዓት ወደ አንድ አወረደው።

ጥናቱን የሠራችው በኩባንያው የሥራ ባልደረባዋ የሆነችው ቻይትራ ናት። ሲከብዳት ለማላቪካ አሳየቻት፤ እውነተኛ ጓደኛ መስላት። ስሟ በየገጹ ታትሟል። መርፌ ያ ስም እንዲሸፈን በመርማሪ ቢሮው ያለውን አለቃዋን ጎፒናትን ሦስት ጊዜ ለምናዋለች። ሦስቴም መልሱ አንድ ነበር፦ ታገሺ። ቃሉን በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክስ ነበር።

ዛሬ ጎፒናት ራሱ እመጣለሁ ብሎ ነበር። የመጣው ግን ይህ ሰው ነው።

«አጎቴስ?» ጎፒናትን ማለቷ ነው።

«አሞታል። ስጪኝና ልሂድ፣ እህቴ።»

ኪሱ ውስጥ ድንቢጥ ጮኸች። ሁለት ጊዜ፤ ሁለተኛው ቀጠን ብሎ።

እጁ ሳያስበው ወደ ስልኩ ሄደ።

መርፌ ድምፁን ለየችው።

ያንን ድምፅ የሠራችው እሷ ናት፤ እንዳይጠረጥሯት ብላ፣ አሳምራ። ገና ለሕዝብ አልወጣም። ያለው በኩባንያው ሠራተኞች ስልክ ላይ ብቻ ነው።

የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ጎፒናት ብቻ ነው፤ ለኩባንያው አሳልፎ ሰጥቷታል።

ፊቷን ሳትለውጥ ቦርሳዋን ከፈተች። የእህቷ ሠርግ ፎቶ ያለበትን ካርድ አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረች። የፎቶው ሌላ ቅጂ የላትም።

ወጣች። አልሮጠችም።

ባቡር ጣቢያው ደረጃ ላይ ስትደርስ ኋላዋ የሚጣደፍ ኮቴ ሰማች። ካርዱን አይቶታል ማለት ነው።

አሁን ሮጠች።

የባቡሩ በር በሰውየው አፍንጫ ፊት ተዘጋ።

በዚያ ቀን፣ ከኩበን ፓርክ ማዶ፣ በጨዋታው ላይ የቀረበ የወላጆች አቤቱታ የሚሰማ ኮሚሽን ተቀምጦ ነበር። መርፌ ቢሮዋን ማመን ስላልቻለች ካርዱን ይዛ ወደዚያ ሄደች። ስትደርስ ማስረጃ መቀበያው ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። መዝጋቢዋ ሩክሚኒ የተባሉ አዛውንት ናቸው። መርፌ የአንዲት ሴት ስም ይፋቅልኝ ብላ ለመነቻቸው።

«ስም የተፋቀበት ሰነድ ማስረጃ አይሆንም፣ ልጄ» አሉ። «ወይ እንዳለ ስጪኝ፣ ወይ ይዘሽው ሂጂ።»

ነገ ብትል ነገ የለም። ኩባንያው አውቋል፤ እስከዚያ ጥናቱ ጭስ ይሆናል።

እንዳለ ሰጠች።

በሳምንቱ ድንቢጧ ከልጆች ስልክ እንድትወጣ ታዘዘ። ጎፒናት ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወረ፤ የጠየቀው የለም። ቻይትራ ከሥራ ተባረረች፤ ምስጢር አውጥተሻል ተብላም ተከሰሰች። መርፌ ልመስክርላት ብላ ብትጠይቅ ቢሮው ከለከላት። ለጠየቃቸው ማላቪካ የምትባል ሠራተኛ አናውቅም አሉ፤ ለእሷ ግን ዴልሂ አዲስ ስም ይጠብቅሻል አሏት።

ትእዛዝ ጥሳ ባሳቫናጉዲ ሰፈር ወዳለው የቻይትራ ቤት ሄደች። በሩን የከፈተችው ራሷ ቻይትራ ነበረች። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። መርፌ ማላቪካ አለመሆኗን ተናግራ፣ ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉተመተመች።

«እሱን ተዪው» አለች ቻይትራ። «ስምሽ ማን ነው? እውነተኛው።»

መርፌ አፏን ከፈተች። መልሳ ገጠመችው።

 ቻይትራ በሩን ቀስ ብላ ዘጋች።

መርፌ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ወረደች። ሰልፉ ረጅም ነበር። ከሥራ የሚመለሱት ሰዎች ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት፤ ማን እንደሆነች ቀና ብሎ ያየ አልነበረም።